በዓሉ ቅዳሜ፣ ቦታው መናፈሻ፦ ወሎዬው በውጭ አገር በዓሉን ለምን ወደ ደጅ አወጣው?

በየዓመቱ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ ከውጭ አገር አንድ ዓይነት ፎቶ ይመጣል። ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እንጀራና ድፎ ዳቦ፣ ወዲያ ደግሞ የሚጨስ ጥብስ። ሴቶቹ የአገር ልብስ ለብሰው ከታች ስኒከር አድርገዋል። ፎቶው ደሴና ወልድያ ሲደርስ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ይበዛል። «በዓሉ እኮ ረቡዕ ነበር፤ ይሄ ሽርሽር ነው» የሚልም አይጠፋም።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃል ያልቃል፦ «ዘመኑ ነው»። ዘመኑ ግን ብዙ ነገር ያዘለ ቃል ነው። የሥራ ሕግ አለበት፣ የአየር ጠባይ አለበት፣ የቀን አቆጣጠር አለበት። ወሎን በተመለከተ ደግሞ ከሌላው አካባቢ በተለየ የሚጎላ ሌላ ምክንያትም አለ።

ቀኑ ለምን ይገፋል?

ከቀን አቆጣጠሩ እንጀምር። መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ግን ወደ 12 ይሸሻል። ያን ጊዜ መስቀልም ከ27 ወደ 28፣ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። ገና ብቻ አይነቃነቅም። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7ን አይለቅም። በ2016 የሆነው ይኸው ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ የካህናት ሒሳብ ነው። ከስድስት ወር በፊት ፈቃድ መጠየቅ ላለበት ነርስ ወይም ሾፌር ግን የአንድ ቀን ስህተት ማለት በዓሉን ሥራ ላይ ማሳለፍ ነው።

የእስልምና በዓላት ደግሞ በጨረቃ ይሄዳሉ። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ኢድም መውሊድም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ። በዚያ ላይ አንዱ መስጊድ ጨረቃ በዓይን እስክትታይ ይጠብቃል፣ ሌላው በሥነ ፈለክ ስሌት ይሄዳል። በአንድ ከተማ ሁለት ኢድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አለቃን «ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ነው፣ ማታ እነግርሃለሁ» ማለት ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ፈቃድ አለ። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሠራተኛ በዓመት ቢያንስ አራት ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ስዊድን 25 የሥራ ቀን ትሰጣለች። በአሜሪካ ግን አሠሪው የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስቶክሆልም ያለው ወሎዬ ለእንቁጣጣሽ አንድ ቀን ቢወስድ አይጎዳም። ዋሽንግተን አካባቢ በሰዓት ክፍያ የሚሠራው ዘመዱ ግን ያቺ ቀን ከኪሱ ትቆረጣለች። ስለዚህ በዓሉ ወደ ቅዳሜ ይገፋል።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ካረፈ ጾሙ አይሻርም። በ2017 ረቡዕ ነበር። 2019 ደግሞ ዓርብ ላይ ነው። ገናና ጥምቀት ግን ረቡዕም ዓርብም ቢውሉ ይበላባቸዋል። እናም የእንቁጣጣሽን ድግስ ወደ ቅዳሜ መግፋት አንዳንዴ ጾሙን ጠብቆ ዶሮውን ለመብላት ያመቻል። ቅዳሜን የሚተቹ ሰዎች ይህን ሲያነሱ አይሰማም።

ወቅቱ የሚያነሳቸውና የሚጥላቸው በዓላት

በውጭ አገር የትኛው በዓል እየደመቀ፣ የትኛው እየደበዘዘ እንደሚሄድ በሃይማኖታዊ ክብደቱ ብቻ አይወሰንም። አየሩና የትምህርት ቤት መርሐ ግብሩም ይወስናሉ።

ነሐሴ 16ን እንይ። በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ለምለም ሣር አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ቡድን ሠርተው ይወጣሉ። ስሙንም ያገኘው ከሣሩ ነው። ይህ ቀን በፈረንጆች ኦገስት 22 ነው። በሰሜን አሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ በጋ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። መናፈሻው ክፍት ነው። ልጆቹ ቤት ናቸው። በዓሉ በባሕሪው የደጅ፣ የልጅና የጭፈራ ነው። ስለዚህ ያለ ብዙ ድካም ተተከለ። ሣሩ ባይገኝ ሌላ ቅጠል ይታሰራል።

ገና የተገላቢጦሽ ነው። ጃንዋሪ 7 የፈረንጆቹ በዓል አልፎ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ሰው ፈቃዱን ጨርሶ፣ በረዶው የሚወርድበት ቀን ነው። የገና ጨዋታ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ በዱላ ሲጋፉ ነው። ሚኒሶታ ላይ በጃንዋሪ ማን ሜዳ ይወጣል? ጥምቀትም እንደዚያው ነው። ባሕረ ጥምቀት ወርዶ ከታቦት ጋር ማደር ውሃው በረዶ በሚሆንበት አገር የሚሞከር አይደለም።

አውስትራሊያ ደግሞ ሁሉንም ይገለብጠዋል። ሜልቦርን ላይ መስከረም የጸደይ መግቢያ ነው፤ አበባው ይፈነዳል። ለእንቁጣጣሽ ከዚህ የተመቸ አይገኝም። ገናና ጥምቀት በጋ ላይ ይውላሉ። አሸንድዬ ግን ክረምታቸው ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የሚከተለውን መገመት ይቻላል። በሰሜኑ አገሮች የሚያድጉ ልጆች «የወሎ በዓል» ሲባል መጀመሪያ የሚያስቡት ሻደይንና እንቁጣጣሽን ሊሆን ይችላል። ለአያቶቻቸው ግን ገናና መውሊድ ይቀድማሉ።

መናፈሻው ለወሎዬ ለምን ተስማማ?

ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል።

ወሎ ውስጥ በዓል የጎረቤት ነው። የአንድ ቤተሰብ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም መሆኑ ብርቅ አይደለም። ሰው የሚረዳዳበት ማኅበር ቅሬ ይባላል። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው። ቅሬው ሲቋቋም አብዛኛውን ጊዜ ሰፈርን እንጂ ሃይማኖትን አይጠይቅም። ለፋሲካ ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ ሥጋው ለየብቻ ይሆናል። ለእንግዳው በግ ተሰጥቶት በራሱ ሰው እጅ ይታረዳል፣ በተለየ ድስት ይሠራል። ለማይጠጣው ቀሪቦ ይቀርባል። ለኢድም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ተጠብቆ ማዕዱ አንድ ላይ ነው። ይህ የታወቀ፣ ሥርዓት ያለው አሠራር ነው። ሰፈር ግን ይፈልጋል።

በውጭ አገር የጠፋው ይኸው ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ ስደተኛ ኑሮ ባብዛኛው የተደራጀው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ዙሪያ ነው። በዓሉ በየአዳራሹ ይከበራል። ክርስቲያኑ በዚያ፣ ሙስሊሙ በዚህ ነው። ሁለቱም ተቋማት ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ጥፋት የለባቸውም። ግን ደሴ ላይ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች ተሰደው አንድ ከተማ ቢገቡ እንኳ በበዓል ቀን የሚገናኙበት በር የላቸውም። አፓርታማው ጠባብ ነው። ጭስ ቢወጣ የእሳት አደጋ ደወሉ ይጮኻል። በግ ግቢ ውስጥ አይታረድም፤ በብዙ የምዕራብ አገሮች ከተፈቀደለት ቄራ ውጭ እርድ በሕግ የተገደበ ነው።

መናፈሻው ይህን ክፍተት ይሞላል። የማንም አይደለም። ሁለት መጥበሻ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ላይ የሐላል ሥጋ፣ አንዱ ላይ የሌላው። የጾም በያይነቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ እሱን ሁሉም ይበላዋል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አልኮል መጠጣት ክልክል ነው። ለሌላው ቅር የሚያሰኘው ይህ ሕግ ለወሎዬው ድግስ ገላጋይ ሆኗል፤ ጠላውና ቀሪቦው መለያየታቸው ቀርቷል። ቡናው በቴርሞስ ይመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በየተራ የሚፈላው ይቀራል። ፍም የተፈቀደበት ቦታ ከሆነ ግን እሱም አይቀርም። ከዚያ አንዱ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኛል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ዘፈኑ የሁለቱም ወገን ነው።

ስለዚህ «በዓል ነው ወይስ ሽርሽር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ የትኛው የበዓል ክፍል እንደሆነ መለየት ያሻል። ቅዳሴው፣ ሶላቱ፣ ጾሙ በቀኑ አለ። ወደ ቅዳሜና ወደ ዛፉ ሥር የተዛወረው የጎረቤት ክፍሉ ነው። ፎቶው የሚያሳየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ክርክሩ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ፎቶውን እንደ ሙሉ በዓል ከማየት ነው።

ጉዞ፣ ዚያራና ሃይኪንግ

ከመናፈሻው አልፎ ተራራ የሚወጣም አለ። ሃይኪንግ ማለት ለመዝናናት ወይም ለጤና ተብሎ በተፈጥሮ ውስጥ የሚደረግ ረዥም የእግር ጉዞ ነው። በዓሉን ተንተርሶ ተሰባስቦ ተራራ መውጣት፣ ድንኳን መትከል፣ ሐይቅ ዳር ማደር በወጣቱ ዲያስፖራ ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ትልልቆች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። «እኛ ከእግር ጉዞ ለመገላገል ነው የተሰደድነው» የሚል ቀልድ አለ። ቀልዱ እውነት አለው። እንጨት ተሸክሞ ያደገ ሰው ዳገት መዝናኛ አይመስለውም።

ነገር ግን በበዓል ዳገት መውጣት ለወሎ አዲስ አይደለም። መስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም የሚሄደው ምዕመን የመስቀል ቅርጽ ያላትን አምባ በእግሩ ይወጣል። ግማደ መስቀሉ የገባው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው ተብሎ ይታመናል። በሌላ በኩል ለመውሊድ እዚያው ወሎ ወደሚገኘው ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝብ አለ። መንዙማው፣ ዱዓው፣ ሌሊቱን ማደሩ፣ ስንቅ ተካፍሎ መብላቱ ሁሉ ደጅ ላይ ነው። አንዱ ጉዞ ይለዋል፣ አንዱ ዚያራ። ድካሙ የሥርዓቱ አካል ነው፤ ያልደከመ አልሄደም።

ልዩነቱ ያለው ዓላማው ላይ ነው። የግሸን ተጓዥ የሚሄደው ለስለትና ለበረከት ነው። ተራራው መንገዱ ነው። ለሃይከሩ ተራራው ራሱ መድረሻው ነው። ይህን ልዩነት አቃሎ «ሁለቱም አንድ ነው» ማለት አያስኬድም። ሆኖም አብሮ መውጣት፣ አብሮ መራብ፣ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት ሰውን የሚያቀራርብበት መንገድ ይመሳሰላል። ወጣቶቹ በዓልንና ተራራን ያገናኙት በአጋጣሚ አይመስልም።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ማንሳት ይጠቅማል። ዴንቨር በአሜሪካ በከፍታዋ ትታወቃለች፤ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ወሎዎች ቆላ የሚሏት ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነች። ደሴማ 2,500 ትጠጋለች። የደሴውን ቶሳ ተራራ እያየ ያደገ ልጅ የአሜሪካ ተራራ ቀላል መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ችግሩ ሰውነት መርሳቱ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲኖሩ ደም ለከፍታ ያዳበረው ኦክስጅን የመያዝ ዝግጅት በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። አሥር ዓመት ባሕር ዳርቻ ከተማ ኖሮ የተመለሰ ሰው በአገሩ ዳገት ራስ ምታት ቢይዘው የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዓረብ አገር ያለው ሌላ ነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ምዕራቡ ነው። የወሎ ስደት ግን ከሁሉ በላይ ወደ ዓረብ አገር ነው። ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቆቦ የወጡ ብዙ ሴቶች በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢዋ በቤት ሠራተኝነት ይኖራሉ። ስለ በዓልና ስለ ሽርሽር ሲወራ እነሱን መርሳት ሥዕሉን ያጣምመዋል።

እዚያ ቁልፉ ቃል ካፋላ ነው። የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚታሰርበት አሠራር ማለት ነው። አሠሪው ከፈቀደ መውጣት አለ፤ ካልፈቀደ የለም። ኳታር የቤት ሠራተኞች ከአገር ለመውጣት ይጠየቁ የነበረውን የአሠሪ ፈቃድ በ2020 በፈረንጆች አንስታለች። ሳዑዲ በ2021 በፈረንጆች ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። በቤት ውስጥ ለምትሠራ ሴት ኢድ ከምንም ቀን በላይ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። በዓሉን የምታከብረው ማታ፣ በስልክ፣ ከእናቷ ጋር ነው።

ሌላም እንቆቅልሽ አለ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ክርስቲያኗ ገናን በክፍሏ ታሳልፋለች። ሙስሊሟስ? ለወሎ ሙስሊም መውሊድ ትልቅ በዓል ነው፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ነቢዩ በተወለዱበት አገር ግን መውሊድ የሕዝብ በዓል አይደለም። ጀማ ንጉሥን የለመደች ሴት መካ አጠገብ ሆና መውሊድ ይናፍቃታል።

በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ፣ አብሃና አሲር ግን ለወሎዬ እንግዳ አይደሉም። አብሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ጉም ይወርዳል፣ ዝናብ ይጥላል። ተራራው ላይ የሚበቅለው ጥድ የእኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ያው ዝርያ ባሕሩን ተሻግሮ ይገኛል። ዝንጀሮውም በሁለቱም ዳር አለ። ነፃ ቀን ያላት ሠራተኛ እዚያ ተራራ ላይ ብትወጣ የወሎዋ ወረባቦ የደረሰች ቢመስላት አይደንቅም።

አገር ቤት መጥቶ ማክበርስ?

ሦስተኛው አማራጭ መምጣት ነው። ገና በላሊበላ የሁሉም ሕልም ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ ከዐለቱ ጠርዝ፣ ከታች ደግሞ ሌሎች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲዘምሩ መስማት በስልክ አይተካም። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በፈረንጆች በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። ከዚያ ወጣ ሲሉ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይታይበታል። በመቄትና በአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተዋል፤ መንገደኛው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ ገቢው ለመንደሩ ይሆናል። በደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ደሴ ቀረብ ሲል ሐይቅና አርዲቦ አሉ። በዓልና ጀብድ አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል?

የሚያግደው ጸጥታው ነው። ላሊበላ በ2013 ክረምት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ። ለ2014 ገና መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ይምጣ ብሎ ጥሪ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በረራ የተቋረጠባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አሠራር አለ። የምዕራብ መንግሥታት «አትሂዱ» የሚል የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ ጉዞውን በሕግ አይከለክሉም። ነገር ግን በርካታ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች ማስጠንቀቂያ ወዳለበት ቦታ ለሄደ ሰው አይከፍሉም። ልጆች ይዞ የሚመጣ ወላጅ ይህን ሲሰማ አዲስ አበባ ላይ ይቆማል። ዘመዶቹ ከደሴ ወደ እሱ ይመጣሉ። በዓሉ ይከበራል፤ የላስታ አስጎብኚና ባለ በቅሎ ግን ገቢ አያገኙም።

የውጭ ምንዛሬውም ሚና አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ዘለለ። የሚላከው ያው 100 ዶላር ያን ጊዜ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የበጉ ዋጋም አብሮ ወጣ እንጂ። ለብዙዎች በዓል ማለት መሄድ ሳይሆን መላክ እየሆነ ነው።

ለሚመጣ ሰው አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በአንድ ቀን አቡነ ዮሴፍ ልውጣ ማለት ትዕቢት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል።

የሚጋጩት አስተያየቶች

አንደኛው ወገን ቀኑ ቀኑ ነው ይላል። በዓል ከተገፋ ልጆች ትርጉሙን ያጡታል፣ ነገ ቅዳሜውም ይቀራል። ስጋቱ መሠረት አለው። በሌሎች ስደተኛ ማኅበረሰቦችም ታይቷል፤ ምግቡና ጭፈራው ቀርቶ ሥርዓቱ የጠፋበት አለ።

ሌላው ወገን የተገፋ በዓል ጭራሽ ካልተከበረ በዓል ይሻላል ይላል። ይህም ያስኬዳል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቅዳሴውም ሶላቱም ቀርቶ መናፈሻው ብቻ ሲቀር የመጀመሪያው ወገን ትክክል ይሆናል።

ሦስተኛው ድምፅ ከአገር ቤት ነው። ለድንኳንና ለተራራ ጫማ የሚወጣው ገንዘብ ለተፈናቀለ ዘመድ ቢላክ ይሻል ነበር ይላል። ይህ ለመመለስ የሚከብድ ነው። ከተሞክሮ የሚታየው ግን የመናፈሻው ስብስብ ራሱ ብዙ ጊዜ መዋጮ የሚሰበሰብበት መሆኑ ነው። አንድ ላይ የማይገናኝ ሰው አንድ ላይ አይልክም። ከጊዜ በኋላ አንዳንዱ ስብስብ መመዝገቢያ ደብተር ይይዛል፣ ወርኃዊ ክፍያ ይጀምራል፣ ለሬሳ መሸኛም ያዋጣል። ስሙንም ቅሬ ይለዋል።

የቀኑ ክርክር ግን አንድ ዓመት ዕረፍት ያገኛል። መስከረም 1 ቀን 2020 እሑድ ይውላል። የሚገፋ ነገር የለም። ጥብሱ በቀኑ ይጨሳል፣ ፎቶውም በቀኑ ይመጣል።